ዝባድ፣ ጥርኝና የሽቶ ዋጋ

እዚህ ረሆቮት፣ ቅርያት ሞሼ፣ ለልጆቻችን ዝባድ ብላቸው ምን እንደሆነ አያውቁም። አባቶቻችን ግን ሲነገድ ያዩት ነውና ታሪኩን ላካፍላችሁ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ባጊቦ ዘመን ከእናርያ የሚወጣው ዝባድ በከብት ቀንድ ታሽጎ በጎጃሙ የባሶ ገበያና በጎንደር አድርጎ ምጽዋ ይወርድ ነበር። አውሮፓ ሲደርስ የውድ ሽቶ ማጽኛ ይሆናል። ወንዱ ጥርኝ ግን ከጫካ ተይዞ ጠባብ የእንጨት ቤት ውስጥ ይታሰራል፤ ሥጋ እየበላ በየጥቂት ቀኑ ከጅራቱ ሥር ይፋቃል።

በ1990ዎቹ የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ጮኹ። ሻኔልም እ.ኤ.አ. በ1998 የተፈጥሮውን ዝባድ ትቶ በሰው ሠራሽ ተካው። ለጥርኙ ደግ ሆነ። ገበሬውስ? ገዢው ዝም ብሎ ሲሄድ የሚጎዳው እሱ ነው።

ኦሪት በእንስሳ ላይ መጨከንን ትከለክላለች፤ የሠራተኛውንም ዋጋ እንዳናስቀር ታዛለች። እኔ እንደሚገባኝ አንዱን ትእዛዝ ጠብቆ ሌላውን መተው አይቻልም። በጥርኙ ስቃይ የከበረ ኩባንያ ለጥርኙ ሰፊ ቤት፣ ለገበሬውም ሌላ እንጀራ ማሰብ ነበረበት።

ሻባት ሻሎም!