ከ4 እስከ 6፦ ከዴንቨር የወጣው መለኪያና የእግር ዕጣ

እ.ኤ.አ. በጥር 1964 በኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ ቻርልስ ዶተር የተባለው ሐኪም፣ እግራቸው በጋንግሪን ተይዞ መቆረጥን እምቢ ያሉ የ82 ዓመት አዛውንትን የጭን ደም ቅዳ ቧንቧ ያለ ቀዶ ሕክምና በካቴተር ከፈተ። ሴትዮዋም በቀራቸው ዕድሜ በገዛ እግራቸው ሄዱ። በ1974 አንድሬያስ ግሩንትዚግ በዙሪክ ቧንቧን በፊኛ ማስፋት ጀመረ። የዚህ ሕክምና ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ በመሣሪያ ይተረካል። ከዴንቨር ለሚያየው ግን የመለኪያ ታሪክም ነው።

ከጉልበት በታች ያሉት ቧንቧዎች ቀጫጭን ናቸው፤ በስኳርና በኩላሊት ሕሙማን ላይ ደግሞ ግድግዳቸው በካልሲየም ይደድራል። ስለዚህ ቢከፈቱም ብዙ ጊዜ ተመልሰው ይዘጋሉ። በዚህ ላይ ሐኪሞቹ የጋራ መስፈርት አጥሯቸው ነበር። የቆየው የፎንቴን ምደባ በሕመም ምልክቶች ላይ ብቻ የቆመ ነው። አንዱ ሆስፒታል «እግር አዳንሁ» ሲል ሲራመድ ባቱን የሚያመውን ሰው፣ ሌላው ጣቱ የጠቆረበትን ማለቱ ከሆነ፣ ሁለቱን ማወዳደር ከንቱ ነው።

በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የደም ሥር ቀዶ ሐኪም የነበሩት ሮበርት ራዘርፎርድና ባልደረቦቻቸው በ1986 አንድ መስፈርት አወጡ፤ በ1997ም አሻሻሉት። ከ0 እስከ 6 በሚዘልቀው በዚህ መሰላል 4ኛው ደረጃ በዕረፍት ጊዜም የማይለቅ ሕመም፣ 5ኛው ውስን ቁስል፣ 6ኛው ሰፊ የሥጋ መሞት ነው። ከሕመምተኛው ቃል ጎን የቁርጭምጭሚትና የጣት የደም ግፊት ልኬት ገባ።

የጋራ መስፈርት የጋራ ፈተናን አስቻለ። የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ግቢ ከዴንቨር ወደ ኦሮራ፣ ወደ ቀድሞው የፊትዝሲሞንስ ወታደራዊ ሆስፒታል ቅጥር ከተዛወረ በኋላ፣ የኮሎራዶዎቹ ማርክ ቦናካና ዊልያም ሂያት የመሩት «ቮዬጀር» ጥናት በ2020 ታተመ። የእግር ቧንቧቸው በተከፈተላቸው 6,564 ሰዎች ላይ፣ አነስተኛ መጠን ያለው ሪቫሮክሳባን ከአስፕሪን ጋር ሲሰጥ፣ የእግርና የልብ አደጋዎች ድምር በሦስት ዓመት ከ19.9 ወደ 17.3 በመቶ ወረደ፤ የደም መፍሰስ ስጋት ግን ጨመረ። በ2023 ደግሞ በ261 ሕሙማን ላይ የተሞከረ፣ ከጉልበት በታች የሚገባና ቀስ በቀስ የሚሟሟ መድኃኒት አዘል ድጋፍ በአንድ ዓመት 74 በመቶ ሲሳካ፣ ፊኛ ብቻ 44 በመቶ ተሳካ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2024 ፈቀደው።

የዚህን ጥናት መግቢያ በር ማስተዋል ይገባል። የተቀበለው 4ኛና 5ኛ ደረጃ ላይ ያሉትን ነው። 6ኛ ላይ ደርሶ የመጣ ሰው በውጤቱ ውስጥ የለም።

መሰላሉም አንድ ክፍተት አለው፦ 4ኛው ደረጃ የሚታወቀው በሕመም ነው። የስኳር ሕመም ነርቭን ሲጎዳ እግሩ ይደነዝዛል፤ ማስጠንቀቂያው ይቀርና ሰውየው ቁስል ይዞ ይመጣል። ኦሮራ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መኪና ሲነዳ ወይም ቆሞ ሲሠራ የሚውል ወገናችን «አያመኝም» ማለቱ እግሩ ደኅና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው ልኬት ነው። የቁርጭምጭሚት ግፊት ለክንድ ግፊት ተካፍሎ 0.90 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን መጥበብን ያመለክታል፤ ቧንቧው በካልሲየም ከደደረ ይህ ቁጥር በሐሰት ከፍ ስለሚል የጣት ግፊት ይለካል።

የምክር ቤት አባል የነበሩት ዶናልድ ፔይን ጁኒየር በ2020 ያቀረቡት ረቂቅ ሕግ፣ የደም ዝውውሩ ሳይመረመር ለሚቆረጥ እግር መንግሥታዊው መድን እንዳይከፍል ይጠይቅ ነበር። በዚያ የምክር ቤት ዘመን አልጸደቀም። ሐሳቡ ግን ለኮሎራዶም ለኢትዮጵያም ይሠራል። ለአገር ቤት ሆስፒታል ድጋፍ የምናሰባስብ ሰዎች ዓይናችን ውድ ወደሆነው ስቴንት ያዘነብላል። የግፊት መለኪያውና በእጅ የሚያዘው ዶፕለር ይቅደም። ስቴንቱ የሚጠቅመው በጊዜ ለተደረሰበት እግር ነውና።