ድሪቶ
ድሪቶ የጨርቅ ቁርጥራጮችን እየደራረቱ የሚሰፉት ልብስ ወይም መኝታ ነው። ስሙ «ደረተ» (ጣፈ) ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ በዘልማድ የድህነት ወይም የምናኔ ምልክት ሆኖ ይታያል።

የሥነ ጥበብ ድሪቶ ግን እንደ ሥዕል ግድግዳ ላይ ለመስቀል የሚሠራ ነው። ሦስት ንብርብር አለው፦ ከላይ በንድፉ መሠረት የተቀጣጠለው ገጽ፣ መካከል ላይ ባዘቶ ወይም ሌላ ስስ ሙሌት፣ ከታች ገበር። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ መጀመሪያ በረጃጅም ጊዜያዊ ስፌት ይያዛሉ፤ ቀጥሎ በጠበቀ ስፌት አንድ ላይ ይሰፋሉ። ክሩ ያለፈበት ይሰረጉዳል፣ ያላለፈበት ያብጣል፤ ስለዚህ ስፌቱ ከማያያዝ አልፎ መስመርና ጥላ ይፈጥራል። በመጨረሻ ጠርዙ ይከፈፍና በጀርባው የመስቀያ ዘንግ የሚገባበት ማለፊያ ይሰፋለታል።

እ.ኤ.አ. በ1971 የኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም የአሜሪካ ድሪቶዎችን እንደ ሥዕል ሰቅሎ ማሳየቱ ለዘርፉ ዕውቅና ትልቅ እርምጃ ሆኗል። በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው የኤልያስ ስሜ (እ.ኤ.አ. 1968 አዲስ አበባ ተወለደ) ሥራ ነው። ክርና የልብስ ቁልፍ በሸራ ላይ እየሰፋ ያዘጋጃቸው ሥራዎች፣ ድሪቶ ባይሆኑም፣ በመርፌ ሥዕል መሥራት እንደሚቻል ያሳያሉ።