ያልተነካችው ሙስታንግ

እኛ አገር ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቀለሟ የፋብሪካ ነው?» ብሎ ነው። ሻጩ «አልተነካችም» ካለ ዋጋው ከፍ ይላል። የተቀባች መኪና ግን ትጠረጠራለች፤ ከቀለሙ ስር ስቱኮ፣ ከስቱኮው ስር ደግሞ ግጭት አለ ተብሎ ይታሰባል። አሜሪካኖች ይህን ነገር በአሮጌ መኪኖቻቸው ላይ ለመቀበል ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። እስኪቀበሉም ድረስ ብዙ መኪና አበላሽተዋል፤ ያውም በፍቅር።

የ1960ዎቹን ጣሪያ ተከፋች መኪኖች እንውሰድ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፎርድ ሙስታንግን በኒውዮርኩ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ ያቀረበው አፕሪል 17 ቀን 1964 ነው። ጣሪያዋ የሚከፈተው በ2,614 ዶላር ትሸጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 22,000 ያህል ትእዛዝ ገባ። የሚገርመው፣ ቁጥር አንዷ ሙስታንግ ከዚያ ሦስት ቀን በፊት ተሽጣ ነበር! በካናዳ፣ በኒውፋውንድላንድ ደሴት፣ ለማሳያ የተላከችውን ነጭ መኪና ስታንሊ ታከር የተባለ የአውሮፕላን አብራሪ አይቶ ወደዳትና ገዝቷት ሄደ። ፎርድ መልሶ ያገኛት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በአዲስ ሙስታንግ ለውጦ ነው። ዛሬ በዲርቦርን ሙዚየም ውስጥ ቆማለች።

የዚያች መኪና ቁጥር 5ኤፍ08ኤፍ100001 ነው። ይህን ማንበብ የሚችል ሰው በቀላሉ አይታለልም። አምስቱ የ1965 ሞዴል መሆኗን፣ የመጀመሪያው ኤፍ የዲርቦርን ፋብሪካ ሥራ መሆኗን፣ 08 ጣሪያዋ የሚከፈት መሆኑን፣ ሁለተኛው ኤፍ ደግሞ የሞተሩን ዓይነት ይናገራል። ቋሚ ጣሪያ ያላት ብትሆን 07 ይባል ነበር። የክፍት መኪና ዋጋ ሲንር ጣሪያ ቆርጦ የሚሸጥ ብልጥ አይጠፋምና፣ ገዢው ኮፈኑን ከፍቶ በግራ በኩል ላሜራው ላይ የተመታውን ቁጥር ያያል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወለሉን ይመረምራል። ጣሪያ የሌላት መኪና ጥንካሬዋ ከታች ነው፤ ፋብሪካው ወለሉንና ከበሮቹ ስር ያለውን ብረት ያጠነከረው ለዚህ ነው። እዚያ ዝገት ከበላው መኪናዋ ከመካከሏ ትጎብጣለች፣ በሮቿም እሺ ብለው አይገጥሙም።

የክፍት መኪና ፋሽን ብዙም አልቆየ። የአየር ማቀዝቀዣ መጣ፣ አውራ ጎዳናው ፈጣን ሆነ፣ መንግሥት ለመገልበጥ አደጋ ሕግ ያወጣል የሚል ፍርሃትም ተጨመረ። ሙስታንግ በ1973 ክፍቷን መሥራት አቆመ፤ እንደገና የጀመረው በ1983 ነው። በመሀል አሮጌዎቹ ተፈላጊ ሆኑ። ያኔ ነው የእድሳቱ ዘመን የገባው። መኪናዋ እስከ አጥንቷ ትገፈፋለች፣ ፋብሪካው ራሱ ቀብቶት በማያውቀው ውብ ቀለም ትቀባለች፣ ትሸለማለች። የፋብሪካው ሠራተኛ በጠመኔ የጻፈው ምልክት፣ የተንጠባጠበው ቀለም፣ የባለቤቱ ክንድ ያለሰለሰው የበር ድጋፍ ግን አብሮ ይታጠባል። ያ ሁሉ ሄዶ የቀረው ነገር ቆንጆ ነው፤ የ1964 ሥራ ነው ለማለት ግን እኔ ይከብደኛል።

ሚዛኑ ቀስ ብሎ ተቀየረ። በካሊፎርኒያ የሚካሄደው ታዋቂው የፔብል ቢች ውድድር በ2001 ላልታደሱ መኪኖች የራሳቸውን ምድብ ከፈተ። በ2024 ደግሞ ያልታደሰች የ1934 ቡጋቲ የውድድሩን ትልቁን ሽልማት ወሰደች፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን የመጀመሪያው ነው።

ገንዘቡም ተከተለ። ስቲቭ ማክዊን «ቡሊት» በተባለው ፊልም ላይ የነዳትን የ1968 ሙስታንግ (እሷ እንኳ ጣሪያዋ ቋሚ ነው) ሮበርት ኪርናን የተባለ ሰው በ1974 በ6,000 ዶላር ገዛ። ሚስቱ ወደ ሥራ ትሄድባት ነበር። ማክዊን በ1977 «መልሰህ ሽጥልኝ» ብሎ ቢጽፍም አልተሸጠችም። በኋላ ፍሪሲዮኗ ተበላሽቶ ቆመች፤ አባትየውም ሞተ። ልጁ አስነሳት እንጂ አልቀባትም። ዝገቷን፣ ጭረቷን፣ ለፊልሙ ተብሎ የተበሳውን ቀዳዳ ሁሉ ይዛ በጃንዋሪ 2020 ፍሎሪዳ ውስጥ ለጨረታ ቀረበች። በ3.4 ሚሊዮን ዶላር ተመታች፤ የአጫራቹ ሲጨመር 3.74 ሚሊዮን።

የአብዛኛውን ሻጭ መኪና ማክዊን አልነዳለትም፤ አውቃለሁ። እንዲህ ያለው ሻጭ ከሁለት ነገር አንዱን መምረጥ አለበት፦ ገንዘብ አውጥቶ አሳምሮ መሸጥ፣ ወይስ እንዳለች ማውጣት? ወለሉ ከተበላ ይበየድ፣ ፍሬኑም ይሠራ፤ ሰው የሚገድል ኦሪጅናልነት ለማንም አይጠቅምም። ቀለሙንና ወንበሩን ግን ለገዢው ይተውለት፤ ገዢው ካሻው ነገ ሊቀባ ይችላል፣ የተቀባውን ግን ማንም ወደ ነበረበት አይመልሰውም። ሳይታጠብ ፎቶ ይነሳ፤ ዝገቱም በቅርብ ይታይ። የመጀመሪያው የሽያጭ ደረሰኝ ካለ ከሊብሬው ጋር ይቀመጥ፤ የተተካ ዕቃ ቢኖርም አሮጌው ሳይጣል ከኋላ ተጭኖ አብሮ ይሸጥ።