ከክብራን ደሴት እስከ «ዶት ኤክስ ኤክስ ኤክስ»፦ ስለ አጥርና ስለ በር ጠባቂ



ከጥቂት ዓመታት በፊት ከታሪክ ተማሪዎች ጋር በጀልባ ወደ ክብራን ገብርኤል ተሻግረን ነበር። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ወንዶቹ የብራና መጻሕፍቱን ለማየት ሽቅብ ሲወጡ ሴቶቹ ከሐይቁ ጠርዝ ቀሩ። ስንመለስ አንዲት ተማሪ በትሕትና፣ ነገር ግን በማያወላውል ድምፅ፣ «መምህር፣ ይህን መስመር የሚጠብቀው ማን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። የዚያን ዕለት የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር፤ ዛሬ ላሰፋው እሞክራለሁ።

የንግግሬ ርእስ ግን ገዳም አይደለም። በኢንተርኔት ላይ ለሚገኘው የወሲብ ይዘት ራሱን የቻለ የአድራሻ ክልል ይሰጠው ወይስ አይሰጠው በሚል ከአሥር ዓመት በላይ የተካሄደውን ክርክር ነው የምመለከተው። ይህ ከታሪክ ትምህርት ጋር ምን ያገናኘዋል የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ የማየው የአጥር ታሪክ ነው፤ አጥር ደግሞ ለታሪክ ጸሐፊ እንግዳ ነገር አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አይሲኤም ሬጅስትሪ የተባለ ኩባንያ በ2000 እ.ኤ.አ.፣ ኋላም በ2004 እ.ኤ.አ.፣ የድረ ገጽ አድራሻዎችን ሥርዓት ለሚያስተዳድረው አይካን ለተባለው ድርጅት ማመልከቻ አቀረበ። የጠየቀውም «ዶት ኮም» እንዳለ ሁሉ «ዶት ኤክስ ኤክስ ኤክስ» የሚል ማብቂያ እንዲፈቀድለት ነበር። አይካን በሰኔ 2005 እ.ኤ.አ. ድርድር እንዲጀመር ፈቀደ። ከሁለት ወር በኋላ የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ወደ 6,000 የሚጠጉ የተቃውሞ ደብዳቤዎችና ኢሜይሎች እንደደረሱት ገልጾ ውሳኔው እንዲዘገይ ጻፈ። በግንቦት 2006 እና በመጋቢት 2007 እ.ኤ.አ. የአይካን ቦርድ ሐሳቡን ውድቅ አደረገ። ኩባንያው ግን አልተኛም፤ ጉዳዩን ወደ ገለልተኛ ገምጋሚ ጉባኤ ወሰደና በየካቲት 2010 እ.ኤ.አ. በአብላጫ ድምፅ ተፈረደለት። ማብቂያው በመጋቢት 2011 እ.ኤ.አ. ጸደቀ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ለገበያ ቀረበ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን የሚያስደንቀኝ የተቃዋሚዎቹ አሰላለፍ ነው። የቤተሰብና የሃይማኖት ማኅበራት «ለነውር የክብር አድራሻ መስጠት ሕጋዊ ማድረግ ነው» አሉ። የወሲብ ፊልም አምራቾቹም በበኩላቸው «ዛሬ በፈቃድ የተባለው ነገ ግዴታ ይሆናል፤ በአንድ መንደር ከሰበሰባችሁን በኋላ በሩን ትዘጉብናላችሁ» ብለው ተቃወሙ። የአምራቾቹ ፍርሃት ከመሬት የተነሣ አልነበረም፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ሁለት የአሜሪካ ሴናተሮች ግዴታ የሚያደርግ ረቂቅ ሕግ አቅርበው ነበር። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ስለዚህ አዲሱ መንደር ሲከፈት ማንም ከ«ዶት ኮም» ለቆ እንዲገባ አልተገደደም። ይባስ ብሎ አንዳንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስማቸው በዚያ ማብቂያ እንዳይነግድበት በመስጋት የራሳቸውን ስም በገንዘብ ገዝተው አስቀመጡ። ማለትም አጥሩ የተሸጠው አጥሩን ለማይፈልጉት ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ላንሣ። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ እኔ ወጣት መምህር ሳለሁ፣ በየከተማው ቪዲዮ ቤቶች ነበሩ። በሰፈራችን የነበረው ቀን ቀን የህንድና የካራቴ ፊልም ያሳይ ነበር። ሲመሽ በሩ ላይ መጋረጃ ይወርዳል፤ በካርቶን ላይ «ለአዋቂ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ይሰቀላል። ሳንቲም የሚሰበስበው በር ጠባቂ ዕድሜው ከ14 የማይበልጥ ልጅ ነበር። ታናሽ ወንድሜ በ13 ዓመቱ ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ተገኘ። አባታችን ገረፈው። ቪዲዮ ቤቱን የጠየቀ አልነበረም። ከብዙ ዓመት በኋላ ወንድሜን ስለዚያ ሳነሣበት፣ እየሳቀ፣ «ካርቶኑ ባይሰቀል ኖሮ ውስጥ ምን እንዳለ በምን አውቅ ነበር?» አለኝ። ሳቁ ግን እስከ መጨረሻው አልዘለቀም፤ ያየው ነገር ለዓመታት እንዳልለቀቀው ጨምሮ ነገረኝ። ጉዳቱን አቃልዬ እንዳልናገር የሚያደርገኝ ይህ ነው።

አሜሪካኖች ተቃራኒውንም ሞክረዋል። መጥፎውን ከማጠር ይልቅ መልካሙን እንጠር ብለው በታኅሣሥ 2002 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ለልጆች ብቻ የሚሆን «ኪድስ ዶት ዩኤስ» የተባለ ክልል አበጁ። ደንቡ ጥብቅ ነበር፤ ከክልሉ ወደ ውጭ የሚያሻግር መስፈንጠሪያ ማስቀመጥ አይፈቀድም ነበር። የገቡት ድረ ገጾች ጥቂት ሆነው ቀሩ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱ ታገደ። ክብራንን ከዚህ ጋር ሳነጻጽር ልዩነቱ ግልጽ ይሆንልኛል። ክብራንም የታጠረው ለከበረው ነገር ሲባል ነው፤ ነገር ግን በውስጡ የሚኖር፣ የሚቀድስ፣ የሚጦም ማኅበር አለው፤ ከጀልባ የሚወርደውንም ሰው በዐይኑ ያየዋል። ደንቡን የማይቀበል ቢኖር እንኳ ጠባቂው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ ፊት ለፊት ሊሟገተው ይችላል። በአጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስና የዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ደግሞ ሴቶችን ያስገባሉ። በአንድ ሐይቅ ላይ፣ በአንድ ሃይማኖት ውስጥ፣ መስመሩ አንድ ዐይነት አይደለም። ታዲያ ለዓለም ሁሉ አንድ መስመር ማን ያሰምራል?

የትርጉሙ ችግር በእኛም ሕግ ውስጥ አለ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ለመልካም ጠባይ ተቃራኒ የሆኑ ጽሑፎችንና ሥዕሎችን ሲከለክል ለኪነ ጥበብ፣ ለሥነ ጽሑፍና ለሳይንስ ሥራዎች በር ትቶ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ክልከላውን ቀጠለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ደግሞ ትኩረቱን ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ አደረገ፤ በእኔ እምነት ይህ ትክክለኛ አቅጣጫ ነው፤ ምክንያቱም የሚጎዳው ሰው ማን እንደሆነ ለይቶ ይነሣል። «ነውር» ከሚለው ቃል ብቻ ከተነሣን ግን የጎጃም ቅኔ ራሱ መንገድ ላይ ይቀራል። ሰሙን ብቻ የሚያነብ ማጣሪያ ስንቱን ቅኔ ያግድ እንደነበር የቅኔ ተማሪ የነበራችሁ ታውቃላችሁ። የጤና ትምህርትስ?

በየስብሰባው «መንግሥት ለብቻው ከልሎ ይዝጋው» የሚል ሐሳብ ሲነሣ እሰማለሁ፤ የሚናገሩት አብዛኞቹ ወላጆች ናቸው፤ ጭንቀታቸውን እጋራለሁ። ነገር ግን ኢንተርኔት ወደ አገራችን ከገባበት ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ ለረጅም ዘመን በሩ በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ነበር። በሰኔ 2010 ዓ.ም. መንግሥት ራሱ 264 የታገዱ ድረ ገጾችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች እንደተከፈቱ ሲያስታውቅ፣ በዝርዝሩ ውስጥ ጎልተው የታዩት የዜናና የፖለቲካ ገጾች ነበሩ። እዚሁ ባሕር ዳር የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ለመላክ ምን እንዳደረጋችሁ እኔ ልነግራችሁ አይገባም። ስለዚህ ልጆቻችንን የሚጠብቅ በር ሲጠየቅ እኔ በመጀመሪያ የምጠይቀው ቁልፉ በማን እጅ እንደሚሆን፣ የተዘጋው ዝርዝር ለሕዝብ ይገለጽ እንደሆነ፣ በስሕተት የተዘጋበት ሰውም የት አቤት እንደሚል ነው። አይሲኤም ሬጅስትሪን ወደድነውም ጠላነውም አቤት የሚልበት ጉባኤ ነበረው፤ ተሟግቶም ረታ።

ያቺ ተማሪ ዛሬ ራሷ መምህርት ናት፤ የሰባት ዓመት ልጅም አላት። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ደውዬላት ነበር። ስልኳን ልጇ ይጠቀምበታል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ምሽት ምሽት፣ አጠገቤ ተቀምጦ» አለችኝ፤ ቀጥላም «ቀን ግን ከሠራተኛዋ ጋር ነው፤ እሷም ገና 15 ዓመቷ ነው» አለች።

ጥያቄና አስተያየታችሁን እቀበላለሁ።