አዋሽ ጣቢያ፦ ማደሪያ የነበረችው ከተማ

የምድር ባቡራችን ታሪክ ሲነሣ ለገሀርና ድሬዳዋ ይቀድማሉ። በመሃል ስለቀሩት ትናንሽ ጣቢያዎች ብዙም አናወራም። ከእነሱ አንዷ አዋሽ ናት። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በ1886 ዓ.ም ዳግማዊ ምኒልክ ሐዲድ የመዘርጋቱን ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡ። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተነሣ። ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው፤ ተራራው እንቢ ሲል ግን በታች በቆላው በኩል አለፈ። በ1895 የደረሰበት ሜዳ ዛሬ ድሬዳዋ የምንለው ከተማ ሆነ። እዚያ ሲደርስ ገንዘቡ አለቀ፤ ኩባንያው ከሰረ፤ ሥራው ለዓመታት ቆመ። በኋላ የተተካው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ሐዲዱን ቀጠለ፤ የአዋሽንም ገደል በድልድይ አሻገረውና በ1909 አዲስ አበባ ገባ። 780 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ የሆነው ሐዲድ ለማለቅ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ።

የዚያ ዘመን መንገደኛ ባቡር በሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ የተነሣ ሰው የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ ያድራል፤ አዲስ አበባ የሚገባው በሦስተኛው ቀን ነው። የአዋሽም ዕድል ከዚህ ይጀምራል። ያደረ መንገደኛ እራትና አልጋ ይፈልጋል፤ በእንፋሎት የሚሄደው ባቡርም ውሃ ይጠማል። ከጣቢያው አጠገብ ቡፌ ተከፈተ፤ ሻጩ፣ ተሸካሚውና የሐዲድ ሠራተኛው በዙሪያው ሰፈሩ። ከተማዪቱ የተሠራችው ባቡሩ በመቆሙ ነው።

በዚያ መንገድ ያላለፈ ታሪክ የለም ማለት ይቻላል። በ1923 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል የተጋበዙት የውጭ መልእክተኞች ከጅቡቲ የወጡት በዚህ ሐዲድ ነው። ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 1928፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በዚያው ሐዲድ ወደ ስደት ወረዱ። ከአገር ውጭ ሆነን ይህን ለምናነብ ሰዎች አዋሽ ባዕድ ስም አይደለም። ዛሬ ስደት የሚጀምረው ከአውሮፕላን ጣቢያ ነው፤ ያኔ የሚጀምረው ከባቡር መስኮት ነበር።

ከዚያ 1977 መጣ። በጥር ወር አንድ ፈጣን ባቡር አዋሽ አጠገብ ወዳለው ድልድይ ኩርባ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባ፤ ፉርጎዎቹ ከሐዲዱ ወጥተው ገደል ወደቁ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። በዚያው ወቅት አገሪቱ በረሃብ የረገፉ ልጆቿን እየቀበረች ነበር፤ ዓለምም የሚያየው የረሃቡን ሥዕል ነበር። የባቡሩ ሙታን በዚያ ትልቅ ሐዘን ውስጥ ተሸፍነው ቀሩ። ያንን ዓመት ስናስታውስ ስንቶቻችን አዋሽን እንጨምራለን?

አሮጌው ሐዲድ ከዚያ በኋላም እያነከሰ ቀጠለ፤ በ2000 ዓ.ም አካባቢ ግን ከድሬዳዋ አዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ቀረ። በመስከረም 2009 በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ተመረቀ። እሱም አዋሽን ይነካል፤ ወደ ኮምቦልቻና ሐራ ገበያ የሚሄደው ሐዲድ የሚገነጠለውም ከዚያው ነው። ግን ብዙዎቹ አዳዲስ ጣቢያዎች ከከተማ የራቁ ናቸው፤ መንገደኛም ድሬዳዋን በአንድ ቀን ይደርሳል። ለባቡሩ ብሎ አዋሽ የሚያድር የለም።

ፍጥነቱን የሚጠላ አይገኝም፤ ሦስት ቀን መጓዝን የሚናፍቅም ካለ ያልተጓዘው ነው። ቢሆንም የባቡር ቅርስ ይጠበቅ ሲባል ሁልጊዜ ለገሀርን ብቻ ማሰባችን ስሕተት ነው። ለገሀር ነገሥታት የተሸኙበት ነው። አዋሽ ደግሞ ተራው መንገደኛ እራቱን የበላበት፣ ያደረበት፣ አንዳንዱም የቀረበት ነው። ያቺን አሮጌ ጣቢያ አድሶ፣ በግድግዳዋ ላይ የ1977ቱን ሙታን የሚያስታውስ አንድ ሰሌዳ መስቀል ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ባቡሩ ባይቆም እንኳ የሚያልፈው ሰው ቆሞ ያነበዋል።