12 እና 5፦ የአንድ ጀማሪ ካልኩሌተር ስሕተት ታሪካዊ ሥር



የዛሬው ርዕሰ ጉዳዬ ትንሽ ይመስላል። ጃቫስክሪፕት የሚማር ጀማሪ አንድ ቀላል ካልኩሌተር ይሠራል፤ በአንደኛው ሣጥን 12፣ በሁለተኛው 5 ጽፎ የመደመሪያውን ቁልፍ ሲጫን 17 ሳይሆን 125 ያገኛል። ይበልጥ የሚያደናግረው መቀነሱና ማባዛቱ ትክክል መሆናቸው ነው፤ 7 እና 60 ይሰጣሉ። ከአዊ ዞን ከአዘና የመጣች አንዲት ተማሪ ይህንኑ ይዛልኝ ቀርባ ነበር። ለቤተሰቧ ሱቅ ያዘጋጀችው ፕሮግራም የ12 እና የ5 ብር ዕቃ የገዛን ደንበኛ 125 ብር ሊያስከፍል ነው። እርሷም ለዚህ ትምህርት አልተፈጠርኩም ብላ ልትተወው ተቃርባ ነበር። የስሕተቱ ሥር ግን እርሷ ከመወለዷ በፊት የተተከለ ነው።

ሕገ መንግሥታችን በጸደቀበት በ1987 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 1995፣ የኔትስኬፕ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ብሬንዳን አይክ የጃቫስክሪፕትን የመጀመሪያ ቅጂ በ10 ቀናት ጻፈ። ኩባንያው ቋንቋው በመልኩ ጃቫን እንዲመስል ይሻ ነበር። በጃቫ ደግሞ የ+ ምልክት ሁለት ሥራ አለው፤ ቁጥሮችን ይደምራል፣ ጽሑፎችን ያያይዛል። ይሁን እንጂ ጃቫ እያንዳንዱ ተለዋዋጭ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ አስቀድሞ እንዲታወጅ ያስገድድ ነበር። ጃቫስክሪፕት ግዴታውን ትቶ ሁለቱን ትርጉሞች ወረሰ። የድረ ገጽ ሣጥን በበኩሉ የተጻፈበትን ሁሉ፣ ስምም ይሁን ዋጋ፣ እንደ ጽሑፍ ያስረክባል። ስለዚህ 12 እና 5 ሁለት ጽሑፎች ሆነው ይደርሳሉ፤ +ም ያያይዛቸዋል። የመቀነሻው ምልክት ሌላ ሥራ ስለሌለው ጽሑፉን ራሱ ወደ ቁጥር ለውጦ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ፐርል ለማያያዝ ነጥብን፣ ለመደመር +ን ለይቶ መድቦ ነበርና የተሻለ አርአያ አልጠፋም፤ በእኔ ፍርድ ይህ ምርጫ ጀማሪውን ያለ ጥፋቱ የሚቀጣ ነው።

ስሕተቱን ለማግኘት መላ መምታት አያስፈልግም። ታይፕኦፍ በሚለው ቃል የዋጋው ዓይነት ይጠየቃል፤ መልሱ ስትሪንግ፣ ማለትም ጽሑፍ፣ ከሆነ ነምበር በሚባለው ተግባር ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ ከዚያ ይደመራል። (ሳንቲም ሲመጣ ሌላ ጉድ አለ፤ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይሆናሉ፤ አንድ አሥረኛ በሁለትዮሽ አጻጻፍ በትክክል አይገለጽምና። ለሱቅ ሒሳብ ሁሉን በሳንቲም መቁጠር ይሻላል።)

ጎን ለጎን መጻፍ መደመር የሚሆንበት ሥርዓት ግን በእጃችን አለ። በግእዝ አኃዝ ፳ እና ፭ ሲጠጋጉ ፳፭፣ ማለትም ሃያና አምስት ነው፤ ማያያዝና መደመር አንድ ናቸው። ፪ ከ፻ በፊት ሲቆም ግን ፪፻፣ ሁለት ጊዜ መቶ፣ ይሆናል፤ መጠጋጋቱ ወደ ማባዛት ይዞራል። ጸሐፊው አይደናገርም፤ አንዱ፣ አሥሩና መቶው የየራሳቸው ምልክት አላቸውና። በ125 ውስጥ ግን 1 መቶ መሆኑን የሚነግረን ቦታው ብቻ ነው። የተማሪዋ 12 ከ5 ጋር ሲያያዝ አሥሩ መቶ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የግእዝ አኃዝ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ገብቷል፤ የእያንዳንዱም የቁጥር ዋጋ እዚያው ተመዝግቧል። ሆኖም ዛሬ በሣጥኑ ውስጥ ፭ ብንጽፍና ነምበርን ብንጠራ የሚመለሰው ናን፣ ማለትም «ቁጥር አይደለም» የሚል ቃል ነው፤ ተግባሩ የሚያነበው ከ0 እስከ 9 ያሉትን ብቻ ነውና። ፻ንና ፼ን የሚያባዛ፣ ሌላውን የሚደምር አንባቢ ፕሮግራም ራሳችን መጻፍ ይኖርብናል፤ ሥራው ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ነው። የሚሞክረው ካለ ቢሮዬ ክፍት ነው። ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።