የኮራል ቀለም ለሳሎን

ኮራል በሮዝና በብርቱካናማ መካከል ያለ ሞቅ ያለ ቀለም ነው። ስሙ የመጣው ለጌጣጌጥ ከሚውለው የባሕር ኮራል ነው። በድረ ገጽ ቀለሞች ዝርዝር ውስጥ ኮራል ቀይ 255፣ አረንጓዴ 127፣ ሰማያዊ 80 ሆኖ ተመዝግቧል። የአሜሪካው ፓንቶን ኩባንያ የ2019 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ቀለም ብሎ የመረጠው «ሊቪንግ ኮራል» ግን ከዚህ ይልቅ ወደ ሮዝ ያደላል። ስለዚህ «ኮራል» የሚለው ስም ብቻውን አንድን ቀለም ለይቶ አያመለክትም።

ኮራል ደማቅ ስለሆነ በሳሎን ውስጥ ብዙ ጊዜ በጥቂቱ ይገባል። በቤት ማስዋብ ሥራ የተለመደው የ60-30-10 ደንብ ክፍሉን በሦስት ቀለሞች ይከፍላል፦ 60 በመቶ ለግድግዳ፣ 30 በመቶ ለሶፋና ለመጋረጃ፣ 10 በመቶ ለትራስና ለጌጣጌጥ። ኮራል በአብዛኛው የመጨረሻውን ድርሻ ይይዛል። በቀለማት ክብ ላይ ከኮራል ፊት ለፊት የሚገኘው ሰማያዊ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ያደምቃል።

የቀለሙ መልክ እንደ ብርሃኑም ይለያያል። ቢጫ ብርሃን የሚሰጥ አምፖል ኮራልን ወደ ብርቱካናማ ይወስደዋል። በመሆኑም ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ከመቀባቱ በፊት ትንሽ ቦታ ቀብቶ፣ ከደረቀ በኋላ በቀንም በማታም ማየት ያስፈልጋል።